ከጀጎል ግንብ ማዶ ስንት ፎቅ ይፈቀዳል?

ቤታችን ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ሸዋ በር አጠገብ ነው። እናቴ ግቢው ውስጥ ሳትከናነብ ቡና የምታፈላበት አሮጌ የሐረሪ ቤት ነው። አሁን ከግንቡ ማዶ የሚሠራው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርሷል፤ ሠራተኞቹ ቁልቁል ረከቦታችንን ያያሉ።

የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ልጆቻችን የት ይኑሩ?» ይላል፤ እውነት አለው። እኔ ግን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ በፎቅ ሲከበብ ዝም ማለት አልችልም።

ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። አንዱ ባለሙያ የቁመት ገደቡ ከግንቡ ውስጥ ብቻ ነው አለኝ፤ ሌላው ዙሪያውንም ይጨምራል አለ። ሁለቱም በቃል ነው፣ ወረቀት ያሳየኝ የለም።

ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠማችሁ፣ ከግንቡ ውጭ የሚፈቀደውን የሕንፃ ቁመት የሚገልጸውን ሰነድ በጽሑፍ ለማግኘት ማመልከቻዬን ለማን ላቅርብ?