ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ስለጠፋ ቴሌቪዥን ምክራችሁን እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። 32 ኢንች የሆነው ኤልኢዲ ቴሌቪዥናችን ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጠፋ። የተጠየቅሁት የማሠሪያ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ራሴ ከፈትሁት።

ክፍሉን አጨልሜ የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግቼ ሳበራ፣ ምስሉ ደብዝዞም ቢሆን ስለሚታይ፣ ብልሽቱ ከስክሪኑ ጀርባ ባሉት አምፖሎች ወይም ኃይል በሚሰጣቸው ቦርድ ላይ ይመስለኛል። ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ቮልቴጅ በቴስተር ስለካው ለአፍታ ከፍ ብሎ ወዲያው ይወርዳል። በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲቃጠል መስመሩ በሙሉ እንደሚቋረጥ አውቃለሁ።

ታዲያ የተቃጠለውን አምፖል ብቻ ፈልጎ መቀየር ይበቃል፣ ወይስ ረድፉን በሙሉ መተካት ይሻላል? ስስ የሆነውን ስክሪን (እጄ የሚንቀጠቀጠው እዚህ ላይ ነው) ሳይሰነጠቅ ለማንሳትስ ምን ዘዴ ትመክሩኛላችሁ?