ጥቆማ፦ ለሞዴል የእንፋሎት ሞተር የሚሆን ፓተርን ከምን ይሠራ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ልሠራ ነው። ቤዙን፣ ሲሊንደሩንና ፍላይዊሉን (ከባዱን መሽከርከሪያ ጎማ) በአሸዋ ካስት ማስደረግ፣ ማለትም የቀለጠ ብረት በአሸዋ ሻጋታ አስፈስሼ ማውጣት እፈልጋለሁ። ፓተርኑን፣ ማለትም አሸዋው ላይ ቅርጹን የሚያትመውን ሞዴል፣ ከምን ልሥራው? አንዱ ማሆጋኒ (ውድ እንጨት) ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) ይበቃሃል ይላል። 3ዲ ፕሪንተርስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስንት ፍሬ እንደምታወጣ ወስን። አንድ ሁለት ከሆነ ማሆጋኒ ቅንጦት ነው። ለቤዙ ኤምዲኤፍ ይበቃል፤ አይጣመምም፣ ለመላግም አያስቸግርም። ጣጣው የተቆረጠው ጠርዝ ነው። ውሃ ይመጥጣል፣ የመቅረጫው አሸዋ ደግሞ እርጥብ ነው። ጠርዙን በሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ ቫርኒሽ) ደጋግመህ ቀባው፣ በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ካልዘጋኸው ያብጥና ሲወጣ አሸዋውን ይዞት ይመጣል።

ፍላይዊሉ ላይ ግን ኤምዲኤፍ አልመክርም፤ ቀጫጭኑ ክንዶች ይሰበራሉ። ከአንድ ወፍራም ጣውላም አትቁረጠው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ እንጂ በርዝመቱ ብዙም ስለማይሰፋ ክቡ ሞላላ ይሆንብሃል። ጥሩ ኮምፔርሳቶ ውሰድ፣ ወይም ክቡን ከትናንሽ ቁራጮች ደርበህ ለጥፍ፤ የአንዱ ንብርብር መጋጠሚያ በሌላው መሃል ላይ ይረፍ። ኮላው ውሃ የማይፈታው ዓይነት ይሁን።

3ዲ ፕሪንተር ለተጠማዘዘ ቅርጽ አሪፍ ነው። ግን የንብርብሮቹ መስመር አሸዋ ይይዛል፣ ስለዚህ ፕራይመርና አሸታው አይቀርልህም። ፒኤልኤ (የተለመደው የ3ዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ) 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚለሰልስ ገና ያልቀዘቀዘ አሸዋ ውስጥ አትክተተው።

ለውስጥ ማዕዘኖች የመኪና ስቱኮ የሚያህል የለም። በክብ ዘንግ እየዳመጥክ 3 ሚሊሜትር ያህል ራዲየስ ስጠው። ሹል ማዕዘን ከተውክ አሸዋው እዚያ ይፈርሳል፣ ብረቱም ሲቀዘቅዝ እዚያ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፓተርኑን የምትቀባበትን ቀለም ከመግዛትህ በፊት ካስት የሚያደርግልህን ሰው ምን አሸዋ እንደሚጠቀም ጠይቀው። በሸክላ የተያያዘ እርጥብ አሸዋ ከሆነ ሼላክ ይበቃል። በሬዚን (በኬሚካል ማጣበቂያ) የሚደርቅ ከሆነ ሁለት ክፍሉ ተቀላቅሎ የሚቀባ ፖሊዩረቴን ቀለም ይሻላል። ሼላክ አልኮል ሲነካው ይሟሟል፣ አንዳንድ የሻጋታ መቀቢያ ደግሞ አልኮል አለበት።

ሌላ መልስ፦ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለ መኮማተሩስ? ካስት አይረን 1 በመቶ፣ አሉሚኒየም 1.3፣ ብሮንዝ 1.5 ገደማ ይቀንሳል።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ግን በዚህ መጠን ብዙ አያስጨንቅም። 100 ሚሊሜትር ርዝመት ካስት አይረን ላይ 1 ሚሊሜትር ነው። የሚበልጠው ቶርኖ የሚነካው ፊት ላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ትርፍ መተው ነው። ቋሚ ጎኖቹን ደግሞ 2 ዲግሪ ያህል አዘንብላቸው። ያለዚያ ምንም ቀለም ብትቀባ ከአሸዋው በሰላም አይወጣም።

ሌላ መልስ፦ እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ፓተርን መሥራት ራሱ ካላስደሰተህ ለምን ትደክማለህ? እንደ ስቱዋርት 10ቪ ያለ፣ ካስት ተደርጎ የሚሸጥ ኪት አለ። ሲሊንደሩ 19 ሚሊሜትር፣ ፍላይዊሉ 76 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ያንተ ሥራ ቶርኖው ላይ ብቻ ይሆናል።

መልስ፦ ለመጀመሪያ ሞተር እኔም እስማማለሁ። ብቻ የኪቱን ካስት መልሰህ ፓተርን አታድርገው። እሱ አንዴ ተኮማትሯል፤ ካንተ የሚወጣው ደግሞ ከሱም ያንሳል፣ በቶርኖ ከተሠራ በኋላማ የሚላጥ ትርፍ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ለሲሊንደሩ ቀዳዳ የኮር ሳጥን (ቀዳዳውን ክፍት የሚያስቀረው የአሸዋ ቁራጭ የሚቀረጽበት) ልሥራ?

መልስ፦ ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ተወው። ድፍን ካስት አስደርገህ ቶርኖ ላይ ቦርቡረው። የእንፋሎት መተላለፊያዎቹንም በድሪል ታወጣቸዋለህ።