ሁሉም ዋየርለሱን ዘግቶ ከገባ ዴከሩ ምን ይሥራ? (ሻዶውረን 5ኛ እትም)

የማታ_ዳኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ሻዶውረን 5ኛ እትም እየተጫወትን ነው፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በዳይስ የምንጫወተው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ነው፣ ጌም ማስተሩ (ታሪኩን የሚመራው) እኔ ነኝ። የማትሪክስ (የጨዋታው ዓለም ኔትወርክ) ደንቡ ላይ ተቸግረናል። ተጫዋቾቼ ደንቡን አንብበው ሲጨርሱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የያዙትን ዕቃ በሙሉ ዋየርለሱን መዝጋት ነው። ሽጉጡ፣ ሰው ሠራሽ ዓይኑ፣ የነርቭ ማፍጠኛው፣ ኮምሊንኩ (ስልኩ በሉት) ሳይቀር ከኔትወርክ ወጥቷል። «ካልተገናኘ አይጠለፍም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን እነሱ ይህን ካሰቡ ጠባቂዎቹስ ለምን አያስቡም? ስለዚህ የጠባቂዎቹንም ዘጋሁ፤ ዴከራችን (የቡድኑ ጠላፊ) በፍልሚያ ጊዜ የሚነካው ነገር አጣ።

ሆስት (የአንድ ድርጅት ዋና የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጨዋታው የእሱና የእኔ ብቻ ይሆናል። ዳይስ እንጥላለን፣ ማርክ (ዴከሩ በጠለፈው ነገር ላይ የሚያስቀምጠው የመግቢያ ምልክት) እንቆጥራለን፣ የቀሩት ስልካቸውን ያወጣሉ። ልጁ ካራክተሩን የሠራው ተጨንቆ ተጠቦ ነው። ወይ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ወይ ሌላውን ሲያስጠብቅ ማየት ያሳዝነኛል።

ዋየርለስ ከፍቶ መያዝ እንዲያዋጣ ምን ላድርግ? ሁሉም ዕቃውን ከዴከሩ ዴክ (የመጥለፊያ ኮምፒውተሩ) ጋር ቢያስር በእርግጥ ይጠበቃል ወይ? የማትሪክሱን የዳይስ ብዛት ያሳጠራችሁም ካላችሁ ንገሩኝ፣ ሳልፈራ እሞክረዋለሁ።

ባለ_ዴኩ፦

ሁሌም የምጫወተው ዴከር ነው፣ ስለዚህ የጓደኛህ ነገር ይገባኛል።

መጀመሪያ ይህ ዋየርለስ የሚባለው ለምን እንደመጣ እንይ። ሻዶውረን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ዴከር ማለት ዴኩን በገመድ ሰክቶ ብቻውን ወደ ማትሪክስ የሚወርድ ሰው ነበር። ሌላው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። በ2005 የወጣው 4ኛ እትም ማትሪክሱን ገመድ አልባ ያደረገው ሀከሩ ከቡድኑ ጋር እየሮጠ፣ ጥይት እየተተኮሰበት እንዲሠራ ነው። በ2013 5ኛው እትም ዴኩን መለሰ፣ ዋየርለሱን ግን አልተወውም፤ እንዲያውም ዕቃህን ከፍተህ ከያዝክ ተጨማሪ ጥቅም ታገኛለህ አለ። ሁሉም ሲዘጋው እንግዲህ ደንቡ ሊያጠፋው የሞከረው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ጥቅሙን በትክክል እያስከፈልካቸው ነው ወይ? ብዙ ቦታ የማየው ዋየርለሱን ዘግተው ጥቅሙን ግን ሳይተዉት ነው። ስማርትሊንክ (ሽጉጡን ከተኳሹ ዓይን ጋር የሚያገናኝ ማነጣጠሪያ) ክፍት ሲሆን አንድ ተጨማሪ ዳይስ ይሰጣል፣ ሰውነት ውስጥ የተተከለ ከሆነ ሁለት። ዋየርድ ሪፍሌክስና ሪአክሽን ኢንሃንሰር (ሁለቱም ሰውነት ውስጥ የሚተከሉ ማፍጠኛዎች) ያለው ሳሙራይ (የቡድኑ ተዋጊ) ሁለቱን የሚደምረው ሁለቱም ክፍት ከሆኑ ብቻ ነው። ከዘጋ አንዱን ይተዋል። ይህን በየዙሩ ስታስቆጥረው ምርጫው ከባድ ይሆናል፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

አሁን ጠባቂዎቹ። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። የኩባንያ ጠባቂ ዕቃው የራሱ አይደለም። ድርጅቱ የት እንደቆመ፣ ልቡ እየመታ መሆኑን፣ መሣሪያው ተተኩሶ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። የጦር መሣሪያውን ዋየርለስ የዘጋ ጠባቂ ለአለቃው ከስክሪን የጠፋ ሰው ነው፤ ያ ራሱ ማንቂያ ነው። ስለዚህ ተራው ጠባቂ ክፍት ይሁን። ልምድ ያላቸው ቅጥረኞችና ወንበዴዎች ይዝጉ። ያኔ ዴከሩ ገና ከመግባታቸው በፊት ማን ክፍት ማን ዝግ እንደሆነ አይቶ ለቡድኑ ይናገራል፣ ይህ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው።

በፍልሚያም ቢሆን ብዙ አያስፈልገውም። በጠባቂው ሽጉጥ ላይ አንድ ማርክ ካገኘ የጥይት ካዝናውን ማስወጣት ይችላል። ካዝናው መሬት ላይ ሲወድቅ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ይጮኻል። ወይም ማርክ ሳይፈልግ ዴታ ስፓይክ (ዕቃውን የሚጎዳ የማትሪክስ ጥቃት) ይልካል። የመሣሪያው የጉዳት ሣጥን (እስኪበላሽ የሚችለው ጉዳት) 8 ሲደመር የደረጃው ግማሽ ነው፤ ደረጃ 4 ከሆነ 10 ማለት ነው። ጠንከር ያለ ዴክ ይህን በሁለት ተራ ያቃጥለዋል።

ቀይ_መብራት፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ እኔ የማስተሳሰሩን ጥያቄ ልመልስ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ስለሆነ።

አንድ ኮምሊንክ ወይም ዴክ የደረጃውን ሦስት እጥፍ የሚሆን ዕቃ በሥሩ መያዝ ይችላል። በሥሩ ያለው ዕቃ ሲጠቃ ከራሱና ከጌታው (በሥሩ ከያዘው ዴክ ወይም ኮምሊንክ) የተሻለውን ቁጥር ተጠቅሞ ይከላከላል። እስከዚህ ድረስ ቡድኑ በሙሉ በዴከሩ ፋየርዎል ሥር መግባቱ ትርፍ ነው። ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ ሀከር በሥር ያለው ዕቃ ላይ ማርክ ሲያስቀምጥ ጌታውም ላይ ማርክ ያገኛል። ሁለተኛ፣ በገመድ በቀጥታ ከተሰካ የጌታው ቁጥር አይረዳም፤ ዕቃው በራሱ ደካማ ፋየርዎል ብቻውን ይቀራል። እንግዲህ የሳሙራዩን ሽጉጥ አንድ ሰው ነጥቆ ገመድ ቢሰካበት የዴከራችሁ ዴክ በር ተከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ ይጠበቃል፣ ዕቃው ከእጅ እስካልወጣ ድረስ።

ደስ የሚለው ግን ይኸው ደንብ ለእናንተም መሥራቱ ነው። የኩባንያው ካሜራ፣ የበሩ ቁልፍ፣ ሊፍቱ፣ ሁሉም በሆስቱ ሥር የታሰሩ ናቸው። ከውጭ ሆኖ ሆስቱን በግንባር ማጥቃት ሞት ነው። ኮሪደር ላይ ያለችውን ደካማ ካሜራ ከፍቶ ገመድ ቢሰካባት ግን በካሜራዋ ደካማ ቁጥር ይጥላል፣ ማርኩ ከሆስቱም ላይ ያርፋል፣ በዚያ ማርክ ይገባል። ሆስቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ በሥሩ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ጋር በቀጥታ እንደተገናኘ ይቆጠራል። በሩ በእጁ ነው፣ ሊፍቱ በእጁ ነው።

አየህ፣ ይህን ለማድረግ ዴከሩ ሕንጻው ውስጥ በእግሩ መግባት አለበት። አንዱ መሰላል ይይዝለታል፣ አንዱ ኮሪደሩን ይጠብቅለታል፣ አንዷ ጠባቂውን በወሬ ትይዛለች። ሌላው ስልክ የሚያወጣበት ጊዜ የለም። ለእኔ ከደንቡ ሁሉ ምርጡ ይህ ነው፣ ብዙ ጌም ማስተር የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ርቀትም ይቀጣል፦ እስከ 100 ሜትር ኖይዝ (የምልክት ረብሻ) የለም፣ ከዚያ እስከ 1 ኪሎ ሜትር 1 ዳይስ፣ እስከ 10 ኪሎ ሜትር 3፣ እስከ 100 ኪሎ ሜትር 5 ይቀንሳል። ቤቱ ቁጭ ብሎ እሠራለሁ የሚለውን ዴከር በዚህ አውጣው።

የኔትወርክ_ሰው፦

ሥራዬ ኔትወርክ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ከእውነተኛው ዓለም ልጨምር፤ ለትዕይንት ይጠቅምሃል።

«ዋየርለሱን ዝጋው» የሚለው የተጫዋቾችህ ብልሃት በእውኑም ተደርጓል። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ ለልባቸው የተተከለውን መሣሪያ ሐኪማቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ገመድ አልባ ግንኙነቱን አዘግቶላቸዋል፣ ሰው ይጠልፈዋል በሚል ስጋት። ስለዚህ አትከልክላቸው፣ ምክንያታዊ ነው። ዋጋው ግን አለ። የሕክምና መሣሪያ ላይ ዋየርለስ የሚገጠመው ሐኪም ሰውነት ሳይቀድ እንዲያየውና እንዲያስተካክለው ነው። በጨዋታህም የተዘጋ ሳይበርዌር (ሰውነት ውስጥ የተተከለ መሣሪያ) ያለው ቆስሎ ሲወድቅ የቡድኑ ሐኪም ሁኔታውን ከሩቅ ማየት አይችልም በል። ደንቡ ላይ የተጻፈ አይደለም፣ የእኔ ጭማሪ ነው፣ ግን ማንም የሚገባው ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ሁሉም ጠለፋ በአንድ ዳይስ በሦስት ሴኮንድ መሆን የለበትም። ደብሊውፒኤ2 (የዋይፋይ ደህንነት ደንብ) ላይ የይለፍ ቃል የሚሰብር ሰው እንዴት ነው የሚሠራው? መጀመሪያ የተገናኘውን ዕቃ ከዋይፋዩ ያስወጣዋል። ዕቃው ተመልሶ ሲገባ የሚለዋወጠውን ሰላምታ ይቀዳል። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄዶ በኮምፒውተሩ ቃል በቃል እየሞከረ ይቀመጣል፤ ከኔትወርኩ ጋር ምንም ግንኙነት አያስፈልገውም፣ ማንም አያየውም። የይለፍ ቃሉ ረጅምና ያልተገመተ ከሆነ ዕድሜ ልክ ቢሞክር አይሰበርም። አጭርና ተራ ቃል ከሆነ ግን ሌሊቱን አያድርም። በ2018 የመጣው ደብሊውፒኤ3 ይህን የቤት ውስጥ ግምት ለመዝጋት ነው የተሠራው።

ይህን ወደ ጨዋታ አምጣው። ከዘረፋው ቀን በፊት ቡድኑ ከሕንጻው አጠገብ ቆሞ ሰላምታውን ይቅዳ፤ ሁሉም ተሳታፊ የሆነበት አጭር ትዕይንት ነው። ቤት ሄዶ መስበሩን ደግሞ በሁለት ሴሽን መካከል በስልክ አንድ ዳይስ ጣልበት። ከተሳካለት ገና ሲገባ አንድ ማርክ በእጁ ይዞ ይጀምር። የሆስቱ የብቻ ጨዋታ በግማሽ ያጥርልሃል፣ ማንም አይጠብቅም።

ስድስት_ሜትር፦

እኔ ትንሽ ለየት ልበል። ሻዶውረንን እወደዋለሁ፣ ግን ማትሪክሱ ለአንተ ጠረጴዛ ከብዶ ከሆነ የሳይበርፐንክ ሬድን አሠራር ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ይህ ጨዋታ ችግሩን ከሥሩ ነው የነቀለው። በታሪኩ የድሮው ዓለም አቀፍ ኔት ፈርሷል። የቀረው በየሕንጻው ያለ የተዘጋ ኔትወርክ ነው። ኔትራነሩ (የዚያ ጨዋታ ዴከር) ለመግባት ከመግቢያው ነጥብ በ6 ሜትር ውስጥ መቆም አለበት። ከሩቅ የሚባል ነገር የለም።

ኔትወርኩ ደግሞ ፎቅ በፎቅ ተደርድሯል፤ አንዱ ፎቅ የይለፍ ቃል፣ አንዱ ፋይል፣ አንዱ ካሜራ የሚያዝዝበት፣ አንዱ ጥቁር አይስ (ሰርጎ ገብን የሚያጠቃ የጥበቃ ፕሮግራም)። ኔትራነሩ በተራው ላይ እንደ ደረጃው ከ2 እስከ 5 የኔት እርምጃ አለው፣ እነሱን ይጠቀማል፣ ተራው ወደሚቀጥለው ተጫዋች ያልፋል። ሳሙራዩ ሲተኮስ እሱ አንድ ፎቅ ይወርዳል። ዳይሱም አንድ ባለ 10 ነው፣ ሲደመር ኢንተርፌስ (የኔትራነሩ የጠለፋ ችሎታ)። በቃ።

ጨዋታህን ቀይር አልልም። ግን ይህን የተራ አሠራር ወደ ሻዶውረን መውሰድ ትችላለህ። ሆስቱን በአምስት ክፍል ሥራው፣ ወረቀት ላይ ሣለው፣ መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሁሉም ይየው። ዴከሩ በአንድ ተራ አንድ ክፍል ብቻ ይሂድ። ቅር የሚለው ያለ እንደሆነ የሻዶውረንን ማርክና ፋየርዎል የሚወድ ዴከር ነው፤ ስለዚህ ቀድመህ ጠይቀው፣ ካራክተሩ የእሱ ነው።

የማታ_ዳኛ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። የጠባቂዎቹን ነገር ዛሬውኑ እቀይራለሁ፣ የካሜራዋን መንገድም ለዴከራችን ሳልነግረው ራሱ እንዲያገኘው ሕንጻው ውስጥ አዘጋጃለሁ። አንድ የቀረኝ አለ። ኦቨርዋች ስኮር (ዴከሩ በማትሪክስ ጠባቂዎች ምን ያህል እንደተጋለጠ የሚቆጥር ነጥብ) የሚባለውን በየጊዜው እየቆጠርኩ ታሪኩ ይቋረጥብኛል። 40 ሲደርስ ደግሞ ማንም ሳያስበው ቅጣቱ ድንገት ይወርዳል፣ ተጫዋቾቹ ግፍ መሰላቸው። እንዴት ነው የምትይዙት?

ባለ_ዴኩ፦

ክፍት አድርገው። ደንቡ ጌም ማስተሩ በምስጢር ይያዘው ይላል፤ በየ15 ደቂቃው 2 ዳይስ ጥለህ ትጨምራለህ፣ ሕገወጥ እርምጃ ሲወስድ ደግሞ ተከላካዩ ያገኘው ስኬት በሙሉ ይጨመራል። እኛ ጋ ቁጥሩን ጠረጴዛው ላይ በትልቁ እንጽፈዋለን። 31 ላይ ሲደርስ ሁሉም ድምፁን ይቀንሳል፣ «ውጣ በቃ» የሚል አለ፣ «አንድ በር ብቻ» የሚል አለ። ዴከር ያልሆኑት ማትሪክሱን መከታተል የጀመሩት ያኔ ነው።

40 ሲሞላ ምን እንደሚሆንም አስቀድመህ ንገራቸው፦ ዴኩ ላይ 12 ጉዳት፣ ማርኮቹ ሁሉ ይጠፋሉ፣ ከማትሪክስ ይወረወራል፣ ያለበት ቦታ ለባለሥልጣናቱ ይነገራል። ሆስት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሆስቱ 3 ማርክ ይጥልበትና አይስ ይለቅበታል። ዴኩን ዳግም ካስነሳ ቁጥሩ ወደ 0 ይመለሳል፣ ግን ማርኮቹንም ያጣል፤ መቼ ማስነሳት እንዳለበት መወሰን ለእሱ ጥሩ ጭንቀት ነው።

ዳይሱን ለማሳጠር ደግሞ የተራ ዕቃዎችን መከላከያ አትጣል። ደንቡ ራሱ 4 ዳይስን በ1 ስኬት መለወጥ ይፈቅዳል። 12 ዳይስ ያለው በር 3 ስኬት አለው በልና ወረቀትህ ላይ ጻፈው። የሚጥለው ዴከሩ ብቻ ይሆናል፣ ኦቨርዋቹም በየሙከራው 3 ይጨምራል፣ ማሰብ አያስፈልግህም። ዳይስህን ለአይሱና ለጠላት ዴከር አቆየው።