የጣና ውኃ ናሙና የኢምፔዳንስ ሴንሰርን ንባብ ለምን ያዛባል?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ውድ ባልደረቦች፣ ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ ማይክሮሲስቲን የተባለውን የአልጌ መርዝ በጣና ውኃ ውስጥ ለመለየት፣ ፀረ እንግዳ አካል በወርቅ ኤሌክትሮድ ላይ የተተከለበት ሴንሰር እየሠራሁ ነው። በ10 ሚሊቮልት ተለዋጭ ቮልቴጅ ከ100 ኪሎኸርዝ እስከ 0.1 ኸርዝ ኢምፔዳንሱን (ለተለዋጭ ኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ስለካ፣ በላብራቶሪ ባፈር (አሲድነቱ በቀላሉ በማይለወጥ ፈሳሽ) ውስጥ በግራፉ ላይ የሚወጣው የግማሽ ክብ ስፋት ከመርዙ መጠን ጋር አብሮ ያድጋል። ከሐይቁ ዳር የተቀዳ ውኃ ግን፣ በሌላ ዘዴ ተመርምሮ መርዝ ያልተገኘበት እንኳ፣ ክቡን በእጅጉ ያሰፋዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ለሚጠጣ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1 ማይክሮግራም በመሆኑ፣ በዚህ ንባብ ስለ ውኃው ደኅንነት አንዳች ለመናገር አልደፍርም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የኤሌክትሮኬሚስትሪ መምህር፦ የክቡ ስፋት የሚያሳየው ፌሪሳያናይዱ (ለልኬቱ በፈሳሹ ውስጥ የሚጨመረው ውሁድ) ከኤሌክትሮዱ ጋር ኤሌክትሮን ለመለዋወጥ ምን ያህል እንደተቸገረ ነው፤ መንገዱን የዘጋበት ምን እንደሆነ ግን አይለይም። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያመጡት ደለል፣ ከበሰበሰ እምቦጭ የሚወጣው ሂውሚክ አሲድ፣ አልጌው ራሱ የሚያመነጨው ዝልግልግ ነገር ሁሉም ወርቁ ላይ ይለጠፋሉ። ሂውሚክ አሲድ ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው፣ እንደ እርሱ ኔጌቲቭ የሆነውን ፌሪሳያናይድ ገፍቶ ያርቃል። ስለዚህ ናሙናውን አጣርተው በባፈር ያቅጥኑት።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመጠን ልዩነቱ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ወደ 150,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ሲመዝን መርዙ 1,000 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በቀጥታ ሲጣበቅ የሚያመጣው ለውጥ በሌላው ልጥፍጥፍ በቀላሉ ይዋጣል። እኔ ብሆን የውድድር ዘዴን እመርጣለሁ፦ መርዙን ከተሸካሚ ፕሮቲን ጋር አያይዘው በኤሌክትሮዱ ላይ ይትከሉ፤ ፀረ እንግዳ አካሉን ከናሙናው ጋር ቀላቅለው ይጨምሩ። ያን ጊዜ በናሙናው ውስጥ መርዝ በበዛ ቁጥር ክቡ ይጠባል። ይሁን እንጂ ቆሻሻው ክቡን በማስፋት መርዙን ሊደብቀው ስለሚችል፣ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሮድ የግድ ያስፈልጋል፤ በሰው ጤና ጉዳይ ከሐሰት ማንቂያ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ዓይነቱ ዝምታ ነው።

የቁሳቁስ ተመራማሪ፦ በመምህሩ ሐሳብ ላይ የምጨምረው አለኝ። በ0.1 ኸርዝ አንድ ዑደት 10 ሰከንድ ይፈጃል፤ በዚህ መካከል ቆሻሻው መለጠፉን ከቀጠለ የልኬቱ መጀመሪያና መጨረሻ የአንድ ገጽታ ልኬት አይሆኑም። ውጤቱን በክሬመርስ ክሮኒግ ፈተና (ገጽታው በልኬቱ ጊዜ ሳይለወጥ መቆየቱን በሒሳብ በሚመረምር ዘዴ) ሳያረጋግጡ፣ ራንድልስ በ1947 ያቀረበውን ሰርኪዩት (ኤሌክትሮዱን እንደ ሬዚስተርና ካፓሲተር ባሉ ክፍሎች የሚወክል ሞዴል) አይግጠሙበት፤ መስመሩ እንዲገጥም ሲባል ብቻ ክፍል መጨመርም አይገባም። እኔ ከእምቦጭ በሚዘጋጅ ካርቦን ላይ ስሠራ በግራፉ ላይ የሚታየው የ45 ዲግሪ መስመር ብዙ ጊዜ የሚመጣው አዮኖች ወደ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲገቡ ነው፤ በእርስዎ ለስላሳ ወርቅ ላይ ግን ያው ቅርጽ በውኃው ውስጥ ያለውን ስርገት (የሞለኪውሎችን ቀስ በቀስ መሰራጨት) ያመለክታል። ተመሳሳይ መስመር ስላዩ ምክንያቱ አንድ ነው አይበሉ።

ጠያቂ፦ ከልብ አመሰግናለሁ። በመቆጣጠሪያው ኤሌክትሮድ ላይ ምን ልትከል?

የኤሌክትሮኬሚስትሪ መምህር፦ ያንኑ ተሸካሚ ፕሮቲን መርዙ ሳይያያዝበት ይትከሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ናሙና፣ በአንድ ጊዜ ይለኩ።