ሳይጎዳው አንስፖርትስማንላይክ፣ ሳይነካው ቴክኒካል? መለኪያው ምንድን ነው?

ግራ_እጅ፦
በፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ የምትዳኙ አስረዱኝ። አጥቂው ኳስ ነጥቆ ብቻውን ወደ ቅርጫቱ ሲበር ተከላካዩ ከጎን ደርሶ ማሊያውን ያዝ አድርጎ ለቀቀው። የወደቀ የለም፤ ዳኛው ግን አንስፖርትስማንላይክ (ከስፖርት ጨዋነት የወጣ ፋውል) ሰጠ። ቆይቶ ደግሞ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) የያዘ ተጫዋች ክርኑን ሲያወናጭፍ ማንንም ሳይነካ ቴክኒካል (የጠባይ ጥፋት ፋውል) ተነፋበት። እንዴት ነው ነገሩ?

ባለፊሽካ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ጉልበቱን እርሳው። ዳኛ ቀድሞ የሚያየው እጁን ነው፤ ወደ ኳሱ ነው የሄደው ወይስ ወደ ሰውየው? ማሊያ መጎተት ወይም ከኋላ ማቀፍ ኳስ መጫወት አይባልም። ከዚያ ቦታውን ያያል። ከአጥቂው ፊት እስከ ቅርጫቱ ማንም ከሌለ፣ ከኋላ ወይም ከጎን የመጣ ሕገወጥ ንክኪ ቀላል ቢሆንም አንስፖርትስማንላይክ ነው።

ይህኛው መለኪያ የሚሠራው ግን አጥቂው መወርወር እስኪጀምር ድረስ ብቻ ነው። ለሌይአፕ (ከቅርጫቱ ሥር ለሚደረግ ውርወራ) ከተነሳ በኋላ ተከላካዩ ኳሱን ፈልጎ ክንዱን ቢመታው፣ ከመጠን ያለፈ ኃይል ከሌለበት ተራ ፋውል ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እዚህች ቅጽበት ላይ ነው፤ ቀድሞ ቦታ ያልያዘ ዳኛ ደግሞ በግምት ይነፋል።

ክርን ሳይነካ ከተወናጨፈ ቴክኒካል ነው። ፊት ላይ ካረፈ ጉዳዩ ወደ አንስፖርትስማንላይክ ወይም ወደ ዲስኳሊፋይንግ (የሚያስባርር ፋውል) ይሻገራል። ቡጢ ሰንዝሮ የሳተም «አልነካሁም» ብሎ አያመልጥም፤ ለማባረር ንክኪ ግድ አይደለም።

ጠረጴዛ_ዳኛ፦
ቅጣቱም ይለያያል። ለአንስፖርትስማንላይክ ዳኛው አንድ እጁን ከፍ አድርጎ አንጓውን በሌላው ይይዛል። አጥቂው እየወረወረ ካልነበረ ራሱ 2 ነፃ ውርወራ ይወረውራል። ለሪባውንድ የሚሰለፍ የለም፤ ኳሱም ለዚያው ቡድን ይመለስና በፊት ሜዳው ካለው የማስገቢያ መስመር በ14 ሰከንድ የመወርወሪያ ጊዜ ይጀምራል። ቴክኒካል 1 ውርወራ ብቻ ነው፤ አሠልጣኙ የፈለገውን ይመድባል፤ ጨዋታውም ከቆመበት ይቀጥላል። ለጠረጴዛ ሰዎች ዋናው ነገር፦ ሁለት አንስፖርትስማንላይክ፣ ሁለት ቴክኒካል ወይም ከየዓይነቱ አንድ አንድ ያገኘ ተጫዋች ይወጣል። ዳኛው ሊዘነጋ ስለሚችል ወዲያው ንገሩት።

ግራ_እጅ፦
የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤስ?

ሦስት_ነጥብ፦
እዚያ ፍላግራንት 1 እና 2 ይባላል። አላስፈላጊ ንክኪ 1 ነው፤ አላስፈላጊም ከልክ ያለፈም ከሆነ 2 ይሆንና ተጫዋቹ ይባረራል። በፕሌይኦፍ (በጥሎ ማለፉ) ደግሞ እንደ ቁጥራቸው ነጥብ ሆነው ይደመራሉ፤ 4 ሲሞላ አንድ ጨዋታ ያስቀጣል። በ2016 ፍጻሜ የጎልደን ስቴቱ ድሬይመንድ ግሪን አምስተኛውን ጨዋታ ያጣው በዚህ ነው፤ በአራተኛው ጨዋታ የክሊቭላንዱ ሌብሮን ጄምስ ላይ የፈጸመውን ሊጉ በኋላ በቪዲዮ አይቶ ፍላግራንት 1 አደረገበት።