የላይብረሪ ፕሮፖዛል ድራፍት 2፣ አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ ብቻ

ሰብሳቢ፦
ድራፍት 2 ይኸው። አርብ ጠዋት ይገባል፣ እኔ ሐሙስ ማታ እዘጋዋለሁ። ባለፈው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሦስት ክፍል ሦስት ወረቀት ይዞ ሄዶ ሦስቱም «ተስማምታችሁ ኑ» ተብሎ ተመለሰ፣ ዘንድሮ አንድ ወረቀት ነው። የያዝነው አራት ነገር ነው፦ የመምህር የውሰት ጊዜ ከአንድ ሰሚስተር ወደ ሙሉ ዓመት ይሁን፣ ሌላ ሰው የጠየቀው መጽሐፍ ግን ዓመቱ ሳይሞላም ይመለስ፣ እዚህ የሌለ መጽሐፍ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ይምጣልን፣ አራተኛው ደሞ ጆርናሎቹን ከግቢ ውጪ መክፈት። ነጥብ 2 ገና ባዶ ነው፣ ስንት ቀን ይሰጠው፣ ማን ይደውል፣ ካልመለሰ ምን ይሁን የሚለውን የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ኬሚስትሪ፦
ነጥብ 2ን እኔ እጽፈዋለሁ። ነገ ጠዋት።

ፊዚክስ፦
ነጥብ 4 ወደ ላይ ይምጣ። እኔ ለአንድ ጽሑፍ ብዬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢ የምመለስበት ምክንያት የለም። ክፍያው እኮ አስቀድሞ ተከፍሏል፣ አዲስ ደንበኝነት አይደለም የምንጠይቀው። ከቤት ስትገቡ ጥያቄያችሁ በላይብረሪው ሰርቨር በኩል አልፎ ስለሚሄድ አሳታሚው የሚያየው የዩኒቨርሲቲውን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ነው፣ ግቢ ውስጥ እንደተቀመጣችሁ ይቆጥራችኋል፣ በቃ ይሄው ነው ፕሮክሲ ማለት። አብዛኛው ውል ላይ ደሞ ለተመዘገበ መምህርና ተማሪ ከግቢ ውጪ መጠቀም የተፈቀደ ነው። ከፍለንበት የማንጠቀምበትን ነገር ሦስተኛ ዓመት ልንለምን ነው።

ሥነ ጽሑፍ፦
አራቱም ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ካልገባ እኔ አልፈርምም። መጽሐፍ ስመልስ ደረሰኝ ይሰጠኝ። የወረቀት። ማህተም ያለበት።

ሰብሳቢ፦
ጋሼ ይሄ የአሠራር ጉዳይ ነው፣ ሰርኩሌሽን (መጽሐፍ የሚዋሱበትና የሚመልሱበት ቦታ) ላይ በቃል የሚነገር ነው። ፕሮፖዛል ውስጥ አይገባም።

ሥነ ጽሑፍ፦
በቃል አራት ጊዜ ነግሬያለሁ። የኔን ጉዳይ የሚያውቅ ያውቃል፣ አዲስ ለገባችሁ ልንገራችሁ። ሁለት ጥራዝ ነበር የተዋስኩት። የመለስኩ ቀን ዝናብ ስለነበር በፌስታል ጠቅልዬ ነው ያመጣኋቸው፣ ሰርኩሌሽን ላይ የነበረው ልጅ ስልክ እያወራ በእጁ ጋሪውን አሳየኝ፣ እዚያ አስቀመጥኳቸውና ወጣሁ። ስካን ሲያደርግ አላየሁም፣ ቆሜ ማየት ነበረብኝ አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት ፈቃድ ክሊራንስ ስጀምር «2ኛው ጥራዝ አልተመለሰም» ተባልኩ። ከደሞዜ ተቆረጠ። ስሜ በር ላይ ተለጠፈ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች እያነበቡት ያልፉ ነበር። መጽሐፉን መጨረሻ ላይ ያገኘሁት እኔው ነኝ፣ ከቦታው ሁለት መደርደሪያ ዝቅ ብሎ፣ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ተላጦ፣ ውስጥ በኋላ ሽፋኑ ላይ የተለጠፈችው የቀን ወረቀት ደግሞ የመጨረሻ ማህተሟ የኔ ውሰት ነው። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ግማሹ የደበዘዘ። ገንዘቡ ተመለሰ። ስሜን ግን ማንም ይቅርታ ብሎ አላነሳውም፣ ዝርዝሩ ራሱ አርጅቶ እስኪወድቅ ተለጥፎ ቆየ። ስለዚህ ውሰቱን ዓመት ስታደርጉት እኔ ላይ የሚመጣው ዕዳም ዓመት ይረዝማል፣ ደረሰኝ ከሌለ ሰሚስተሩ ይሻለኛል።

ነርሲንግ፦
እኔ ላይም ደርሷል፣ በትንሹ። ደረሰኙን እደግፋለሁ።

ሕግ፦
ጥያቄው ትክክል ነው፣ ወረቀት መሆኑ ግን ስህተት ነው። ተዋሽ መመለሱን ማስረዳት ያለበት ራሱ ከሆነ ማስረጃው የማይጠፋ መሆን አለበት፣ ወረቀት ደግሞ ይጠፋል፣ ይደበዝዛል፣ ያቺ በሙቀት የሚታተም የካሽ ሬጅስተር ወረቀት እማ ከጊዜ በኋላ ነጭ ልትሆን ትችላለች። ኢሜይል ይላክ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመጽሐፉ ባርኮድ።

ሥነ ጽሑፍ፦
ኢሜይል የሚላከው ስካን ከተደረገ ነው። የኔ ስካን አልተደረገም። ወረቀት ከሆነ ግን ልጁ እስኪሰጠኝ እዚያው እቆማለሁ።

ሕግ፦
ኢሜይሉ እስኪደርስም ቆመው መጠበቅ ይችላሉ እኮ።

የላይብረሪ ኮሚቴ ተወካይ፦
ትንሽ ላብራራ። ላይብረሪው የሚጠቀመው ኮሃን ነው፣ ከኒውዚላንድ የወጣው፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2000 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው፣ ኮዱ ክፍት የሆነው ሲስተም። መጽሐፍ ሲመለስ ለተዋሹ መልእክት የሚልክ ቅንብር አለው፣ እኛ ጋ አልተከፈተም እንጂ የሚገዛ ነገር የለም። የውሰት ጊዜውም ያው ነው፣ የተጠቃሚው ዓይነትና የመጽሐፉ ዓይነት በሚገናኙበት ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር መቀየር ነው፣ መምህር 365 ቀን፣ ሪዘርቭ ላይ ያለ (ብዙ ሰው ስለሚፈልገው ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሰጥ) መጽሐፍ ግን ለመምህርም በሰዓት እንደሆነ ይቀራል። ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ ኮሃ ላይ ተዋሹ የንባብ ታሪኩ እንዲቆይ ወይም እንደመለሰ ወዲያው እንዲጠፋ መምረጥ እንዲችል ማድረግ ይቻላል። ይጥፋ ያለ ሰው መጽሐፉን ሲመልስ ስሙ ከዚያ ውሰት ላይ ይነሳል። ምን እንዳነበባችሁ ማንም እንዳያይ ጥሩ ነው፣ በኋላ ክርክር ቢነሳ ግን ሲስተሙ ላይ ለናንተ የሚመሰክር መዝገብ አይኖርም፣ እጃችሁ ላይ የቀረው መልእክት ብቻ ነው።

ታሪክ፦
ይሄ አዲስ ነገር ነው። እና እስካሁን የማነበውን ማን ሲያይ ነበር?

የላይብረሪ ኮሚቴ ተወካይ፦
ሰርኩሌሽን ላይ መግቢያ ያለው ሠራተኛ ሁሉ።

ታሪክ፦
እንግዲያው ይሄም ይግባ። ማን ምን እንዳነበበ ሠራተኛ ሁሉ የሚያየው ነገር አይደለም።

ፊዚክስ፦
ጓዶች፣ ነጥብ 4። እባካችሁ። አንድ ወረቀት ላይ ስንት ነገር ልትጭኑ ነው?

ሥነ ጽሑፍ፦
አንተ ላይ ስላልደረሰ ነው።

ፊዚክስ፦
እኔ ላይ በየማታው ነው የሚደርሰው። የአርትኦት መልስ በ10 ቀን ስጥ ተብዬ ሦስቱን ቀን ጽሑፍ ፍለጋ የማሳልፍ ሰው ነኝ፣ እርስዎ አንድ ጥራዝ ከአራት ዓመት በፊት ጠፋብኝ ብለው የ200 ሰው ሥራ ያቆማሉ።

ሥነ ጽሑፍ፦
አልጠፋብኝም። መልሻለሁ። ይሄንን ነው እኮ የምለው፣ አንተም «ጠፋብኝ» አልክ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ፊዚክስ፦
ቃሉን አንስቻለሁ።

ነርሲንግ፦
እባካችሁ ተረጋጉ። ሁለታችሁም የምትሉት ያው ነገር ነው፣ የአንባቢ ጊዜ አይባክን። የሕንዱ የላይብረሪ ሊቅ ራንጋናታን እንደ ፈረንጆቹ በ1931 ካስቀመጣቸው አምስት የላይብረሪ ሕጎች አራተኛው ይኸው ነው፣ የአንባቢውን ጊዜ ቆጥቡ። ደረሰኝ ለማሳደድ አራት ቢሮ መዞርም ጽሑፍ ፍለጋ ማታ ግቢ መመለስም ያው ብክነት ነው።

ሰብሳቢ፦
እሺ። ደረሰኙ ይግባ፣ በኢሜይል። ሌላ ምን አለ? ኬሚስትሪ ነጥብ 2 የት ደረሰ?

ሥነ ጽሑፍ፦
በወረቀት።

ታሪክ፦
ሁለቱም ቢሆን ምን ይጎዳል፣ ኢሜይል ለሁሉም፣ ወረቀት ለጠየቀ።

ሕግ፦
ለጠየቀ የሚል ነገር ጽሑፍ ላይ ከገባ ሠራተኛው «አልጠየቁኝም» ይላል። ወይ ግዴታ ይሁን ወይ አይግባ። ደሞ ወረቀቱ ላይ ማን ይፈርማል? ያልፈረመበት ማህተም ምን ዋጋ አለው?

ስታትስቲክስ፦
ቁጥር ከሌለን ዝም ብለን ነው የምንከራከረው። ተመልሶ ሳለ «አልተመለሰም» የተባለ ስንት እንደሆነ ከየክፍሉ እሰበስባለሁ፣ ፎርም አሁን እልካለሁ፣ እስከ ረቡዕ ሙሉልኝ።

ጡረተኛ አባል፦
እኔ ብዙ አላስቸግርም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ካርዴ ተዘግቷል፣ ሁለት ተማሪ ዛሬም አማክራለሁ፣ መጽሐፍ የማነበው እዚያው ተቀምጬ ነው። «መምህር» ስትሉ እኛን አስቡን። ሌላ ቦታ ጡረታ የወጣ ፕሮፌሰር ካርዱ አብሮት ነው የሚቆየው።

ሰብሳቢ፦
ፕሮፌሰር፣ ይገባል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አሁን ጨመርኩት።

ማናጅመንት፦
እኔ የማልስማማው ሌላ ነው። ማህተም የምትሉት ሰልፉን ያረዝመዋል። የሰሚስተር መጨረሻ ላይ 60 ተማሪ ቆሞ ለያንዳንዱ መምህር ወረቀት ሲጻፍ።

ሥነ ጽሑፍ፦
ባንክ ቤት ያው ሰልፍ አለ፣ ደረሰኝ ሳይሰጥህ ትወጣለህ?

ማናጅመንት፦
መጽሐፍ ገንዘብ አይደለም።

ሥነ ጽሑፍ፦
ከደሞዜ ሲቆረጥ ገንዘብ ነበር።

ሕግ፦
እሳቸው ልክ ናቸው።

ሰብሳቢ፦
ረቡዕ ነው። 41 መልስ አለ፣ 30ው ስለ ደረሰኝ ነው። ነጥብ 2ን እጽፋለሁ ያለ ሰው ከሰኞ ጀምሮ የለም፣ ስልክም አያነሳም። የስታትስቲክስ ፎርምም አልደረሰኝም፣ የደረሰው አለ?

ነርሲንግ፦
እኔ ጋ አልመጣም።

ታሪክ፦
እኔም።

የላይብረሪ ኮሚቴ ተወካይ፦
ነጥብ 2 ሳይጻፍ ነጥብ 1ን ማስገባት አትሞክሩት። ዓመት ይሰጣችሁ ከተባለ የተማሪዎች ተወካይ መጀመሪያ የሚያነሳው ይሄን ነው፣ አንድ ኮፒ ብቻ ያለው መጽሐፍ አንድ መምህር ቢሮ ዓመት ሲቀመጥ ሌላው ምን ያድርግ። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ነው። ቢያንስ «ሌላ አንባቢ ከጠየቀ በ10 ቀን ውስጥ ይመለሳል» በሉ።

ማናጅመንት፦
10 ቀን ያንሳል፣ መስክ ላይ የወጣ ሰው አለ።

ሥነ ጽሑፍ፦
ሲመልስም ደረሰኝ ይሰጠው።

ፊዚክስ፦
እኔ የነጥብ 4ን ሙሉ ጽሑፍ ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከደህንነቱም ጋር፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር እንዲያው ተከፍቶ የሚለቀቅ አይደለም፣ ፓስወርዱን ለሌላ የሰጠ አንድ ሰው በፕሮግራም በአንዴ ሺህ ጽሑፍ ቢያወርድ አሳታሚው የሚዘጋው የዩኒቨርሲቲውን አይፒ ነው፣ ሁላችንም እንዘጋለን። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በራሱ አካውንት ይግባ፣ ከሥራ የለቀቀ ሰው አካውንቱ በዚያው ቀን ይዘጋ። ሁለት ገጽ ነው። የሚያነበው ሰው ቢኖር።

ሕግ፦
አካውንት በዚያው ቀን ይዘጋ ካልክ ጡረታ የወጡትስ? አሁን ገብተዋል።

ፊዚክስ፦
የነሱ ይቆይ። እጨምራለሁ።

ሥነ ጽሑፍ፦
ትናንት ተቆጥቼ የጻፍኩትን አንሱልኝ። የፊዚክሱን ሁለት ገጽ አንብቤዋለሁ፣ የሚገባ ነው፣ እኔም ከቤት የምከፍተው ነገር ብዙ ነው። ደረሰኙ ላይ ግን አሁንም ያው ነኝ።

ሰብሳቢ፦
ሐሙስ፣ ማታ 3 ሰዓት። የምልከው ይኸው ነው፣ አንብቡት። አንደኛ፣ መጽሐፍ ሲመለስ ለመምህሩ ኢሜይል ይላክ፣ ሰርኩሌሽን ላይም ስካን መደረጉን ተዋሹ በስክሪን እንዲያይ ይደረግ፣ ለጠየቀ ማህተም ያለበት ወረቀት ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ክሊራንስ ላይ «አልተመለሰም» የተባለ መጽሐፍ ከደሞዝ ከመቆረጡ በፊት መደርደሪያው ላይ ይፈለግ፣ ስምም በር ላይ አይለጠፍ። ሦስተኛ፣ የንባብ ታሪክ ተዋሹ በመረጠው መሠረት ይያዝ። አራተኛ፣ ጡረተኞች ካርዳቸው ይመለስ። የዓመቱን ውሰት ነጥብ 2 ስላልተጻፈ «በዝርዝር የሚቀርብ» ብዬ መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ማስመጣቱና ከግቢ ውጪ መክፈቱም እዚያው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ሁሉንም ካስገባሁ ያው «ተስማምታችሁ ኑ» ነው።

ታሪክ፦
እኔ እፈርማለሁ። «ማህተም ያለበት» ከሚለው በፊት «ቀኑ የተጻፈበት» ጨምርበት።

ማናጅመንት፦
ሰልፉን ግን ተናግሬያለሁ።

ሥነ ጽሑፍ፦
እፈርማለሁ።

ፊዚክስ፦
ይሄ የጀመርነው ወረቀት አይደለም። ጆርናል ለመክፈት ብዬ ነው የገባሁት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። ስሜን አላወጣም ምክንያቱም የጋሼ ነገርም እውነት ነው፣ ግን ሁለቱን ገጽ ለብቻው አባሪ አድርገህ አያይዘው፣ ካላያያዝከው አልፈርምም።

ሰብሳቢ፦
አያይዘዋለሁ። እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ፒዲኤፍ አርገህ ላክልኝ። የጡረተኞቹን ነገር ጨምረሃል?

ፊዚክስ፦
አሁን እየጨመርኩ ነው።

ኬሚስትሪ፦
ይቅርታ፣ አሁን ነው ያየሁት። ነጥብ 2 አሁንም ይፈለጋል?