አስቸኳይ፦ ዛሬ ማታ በሚዘጋው ጨረታ ስለቀረበው የ«ቦስታ» ቴምብር በይፋ ልጻፍ?

ጠያቂ፦ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ በቴሌግራም የከፈትነው ጨረታ ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል። አንድ አባላችን የዳግማዊ ምኒልክ ምስል ያለበትን፣ «ቦስታ» የሚል ጽሑፍ የተመታበትን ቴምብር «እውነተኛ ነው» ብለው አቅርበዋል። ጽሑፉ የሐሰት ይመስለኛል፤ ዋጋው ግን እየጨመረ ነው። ጀማሪዎች ገንዘባቸውን ሳይከስሩ ሻጩን በስም ጠርቼ ላጋልጥ? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

የጉለሌው ሰብሳቢ፦ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው እ.ኤ.አ. በ1894 ወጡ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1908 ነው። በመካከሉ፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 ደግሞ «መልክት» የሚሉ ጽሑፎች በእጅ ማኅተም ተመቱባቸው። ጽሑፍ የሌለው ቴምብር በርካሽ ስለሚገኝ ለአስመሳዮች ተመቻቸ፤ ስለዚህ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው።

አባል ከሐዋሳ፦ በመጀመሪያ ለሻጩ በግል ይጻፉላቸው፤ ራሳቸውም ተታለው ገዝተውት ሊሆን ይችላል።

የድሮ አባል፦ ከፎቶግራፍ ብቻ ሐሰተኛ መሆኑን እንዴት አወቁ? በእጅ የተመታ ጽሑፍ ቢዛነፍ ወይም ቀለሙ ቢሳሳ አያስደንቅም። ቴምብሩን መጠራጠር አንድ ነገር ነው፤ ሰውን አጭበርባሪ ብሎ በሁሉም ፊት መጥራት ግን ሌላ ነው፤ በኋላ ቢያጠፉት እንኳ ያነበበው ሁሉ አይረሳውም።

አባል ከድሬዳዋ፦ እኔም በግል ይጻፉላቸው እላለሁ።

አባል ከዋሽንግተን፦ የግል መልእክቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የጨረታው ሰዓት ከደረሰ ተጫራቾችን ከኪሳራ አያድንም። በጨረታው ሥር በጨዋ ቃል «የባለሙያ ማረጋገጫ አለው? ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ ይመለሳል?» ብለው ይጠይቁ፤ ጥያቄው ማንንም ሳይወነጅል ገዢውን ያስጠነቅቃል። የፊትና የጀርባውን ጥርት ያለ ምስልም ይጠይቁ። ያገለገለ ቴምብር ከሆነ የፖስታ ቤቱን የቀን ማኅተም ያንብቡ፤ ቀኑ ከ1902 በፊት ከሆነ «ቦስታ» የሚለው በኋላ የተጨመረ ነው። ቀኑ ባይነበብ እንኳ ጽሑፉ በቀን ማኅተሙ ቀለም ላይ ተደርቦ ካረፈ ሊያሳስብ ይገባል። ሻጩ በግል የሚጽፉልዎትን ያለ ፈቃዳቸው ለሌላ አያሳዩ። ደግሞስ እርስዎ ራስዎ በዚህ ጨረታ ዋጋ ሰጥተዋል? ከሰጡ ጥርጣሬዎን ሲያቀርቡ ይህንንም መግለጽ ይኖርብዎታል።

ጠያቂ፦ አልተጫረትኩም። ቴምብሩ ያገለገለ ነው፤ ቀኑ ግን በምስሉ ላይ አይነበብም። ጥያቄውን አሁን በጨረታው ሥር እጽፋለሁ።

የጨረታው አስተባባሪ፦ ሻጩ ምስሎቹን እስኪልኩ ድረስ የዚህን ቴምብር ጨረታ ብቻ አግጃለሁ፤ ሌሎቹ በሰዓታቸው ይዘጋሉ።